ሆሚንግና ፖዚሽኒንግ፦ በሰሜን ሸዋ ወርክሾፖችና ፋብሪካዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በሰርቮ (ቦታውን እየለካ ራሱን በሚያርም ሞተር) ወይም በስቴፐር (በትንንሽ እርምጃ በሚዞር ሞተር) የሚነዳ ማሽን ለሚይዙ ኦፕሬተሮችና የጥገና ሠራተኞች ነው። እንጨት ቤት ውስጥ ያለ ሲኤንሲ ራውተርም (በኮምፒውተር የሚመራ የእንጨት መቅረጫ) ሆነ የፋብሪካ ማሸጊያ መስመር ጥያቄው ያው ነው፤ ማሽኑ «ሆም አድርገኝ» ይላል፣ አለዚያም ሆም አድርጎ ቦታውን ይስታል። ቃላቱን ድራይቩ (ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) እና ማኑዋሉ ላይ እንደተጻፉት ትተናቸዋል፤ ስክሪኑ ላይ የምታገኟቸው እነሱን ነውና።

ሆሚንግ ምን ማለት ነው?

ማሽኑ የሚቆጥርበትን መነሻ ነጥብ ፈልጎ የሚያገኝበት ሂደት ነው። ኮንትሮለሩ የሚያውቀው ሞተሩ ስንት እንደዞረ እንጂ ከየት ተነስቶ እንደዞረ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶብስ እንቅልፍ ጥሎት የነቃ መንገደኛ ከነቃ ወዲህ ምን ያህል እንደሄደ ይገምታል፤ የት እንደደረሰ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ግን የጣርማ በርን ዋሻ ሲያይ ነው። የማሽኑ ዋሻ ሆም ስዊቹ ነው። እሱን እስኪያገኝ ድረስ ስክሪኑ ላይ ያለው የፖዚሽን ቁጥር አይታመንም።

ሂደቱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦ አክሲሱ (በአንድ መስመር የሚንቀሳቀሰው የማሽኑ ክፍል) በመካከለኛ ፍጥነት ወደ ስዊቹ ይጓዛል፣ ሲያገኘው ይቆማል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ እንደገና ይጠጋል። ነጥቡ የሚያዘው በሁለተኛው ዝግ ያለ ጉዞ ነው። ድራይቩ ሁለት የሆሚንግ ፍጥነት የሚጠይቃችሁም ለዚህ ነው። ጊዜ ላትርፍ ብሎ ሁለተኛውን የሚያፈጥን ሰው ያተረፋትን ሰከንድ በተበላሸ ዕቃ ይመልሳታል።

መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሆም ማድረግ ግዴታ ነው?

ኢንኮደሩ፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚለካው ሴንሰር፣ ይወስነዋል። ኢንክሪመንታል ከሆነ አዎ፣ ግዴታ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኢንኮደር የሚልከው የሚቆጠር ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) ብቻ ነው፤ 2,500 መስመር ያለውን ድራይቩ በአራት አባዝቶ ስለሚያነበው በአንድ ዙር 10,000 ይቆጥራል። መብራት ሲሄድ ቆጠራውም አብሮ ይሄዳል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ትበቃለች።

አብሶሉት ኢንኮደር ግን መብራት ሲመጣ ያለበትን ራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ ሲንግል ተርን እና መልቲ ተርን የሚባሉትን ለዩ። ሲንግል ተርን የሚያውቀው በአንዱ ዙር ውስጥ ያለውን ማዕዘን ነው፤ 17 ቢት ከሆነ ዙሩን ለ131,072፣ 23 ቢት ከሆነ ለ8,388,608 ይከፍለዋል። ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ ግን አያውቅም። መልቲ ተርኑ ዙሩንም ይይዛል፤ አንዳንዱ በባትሪ፣ አንዳንዱ በውስጡ ባለ ማርሽ። ሻጭ «አብሶሉት ነው» ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ረጅም ቦል ስክሩ (ዙሩን ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚቀይር ጠመዝማዛ ዘንግ) ላይ ሲንግል ተርን ገጥሞ ሆሚንግ ቀረልኝ ማለት አይቻልም።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መላ አለ። ብዙ የሰርቮ ድራይቮች የሞተሩ ዋና ኃይልና የኮንትሮል ኃይል መግቢያቸው የተለያየ ነው። ኮንትሮሉንና ፒኤልሲውን (ማሽኑን የሚያዘውን ኮምፒውተር) በአነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚመግብ መሣሪያ) ብታስሯቸው፣ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ቆጠራው አይጠፋም። አክሲሱ በእጅ ቢገፋ እንኳ ኢንኮደሩ እየተመገበ ስለሆነ ይቆጥረዋል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ከአዲስ ኢንኮደር በብዙ ይረክሳል።

የኢንኮደር ባትሪ አላርም መጣ። አጥፍቼ ልቀይር?

አታጥፉ። የኮንትሮል ኃይሉ እንደበራ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ማኑዋሉ በሚለው ቅደም ተከተል ቀይሩ። አጥፍታችሁ ባትሪውን ስትነቅሉ የዙሩ ቆጠራ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ቦታውን እንደ አዲስ ማስያዝ ነው። ባትሪው በብዛት 3.6 ቮልት ሊቲየም ነው፤ ከሱቅ የተገዛ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ሁለቱን ደርድሮ መተካት አይሆንም። ባትሪውን ከመንካታችሁ በፊት አክሲሱን ወደሚታወቅ ቦታ ውሰዱት፣ ተንሸራታቹና አልጋው ላይ የሚገጣጠም ስስ ጭረት አድርጉ፣ የስክሪኑን ቁጥርም ጻፉ። ነገሩ ቢበላሽ የምትመለሱበት እሱ ነው።

ሆም ስዊች፣ ሊሚት ስዊችና ሶፍት ሊሚት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሆም ስዊች ለመለኪያ ነው፤ ማሽኑ በሥራ መሃል ቢያልፈው ምንም አይሆንም። ሊሚት ስዊች ጥበቃ ነው፤ ከተነካ ማሽኑ ይቆማል፣ አላርምም ይሰጣል። ሶፍት ሊሚት ፓራሜትር ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው፣ ሽቦ የለውም። ከሆሚንግ በፊት ሶፍት ሊሚት አይሠራም፤ ማሽኑ ያለበትን ሳያውቅ ድንበሩን ሊያውቅ አይችልም። ሆም ሳይደረግ በጆግ (ቁልፍ እየተጫኑ በእጅ) የሚነዳ ማሽን ጫፉ ላይ የሚላተመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊሚት ስዊች በኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይነካ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መንገድ) ይታሰር። ሽቦው ቢበጠስ ወይም አይጥ ብትቆርጠው ማሽኑ ወዲያው ይቆማል። በኖርማሊ ኦፕን ከታሰረ ሽቦው መበጠሱ የሚታወቀው ከግጭቱ በኋላ ነው።

ሆም ስዊች እያለ ዜድ ፐልስ ለምን ያስፈልጋል?

ስዊች መካኒካል ነገር ነው። ዛሬ እዚህ ይነካል፣ ነገ አቧራ ሲይዘው ወይም ሲበርደው ትንሽ ወዲያ። ዜድ ፐልስ ግን ኢንኮደሩ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚልከው ምልክት ስለሆነ ቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ማሽኑ በስዊቹ ሰፈሩን ያገኛል፣ በዜድ ፐልሱ ደግሞ ቤቱን።

ታዲያ ማሽናችን አንዳንድ ቀን ልክ 10 ሚሊሜትር ተዛንፎ የሚነሳው ለምንድን ነው?

የዚህ መልስ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ሰርቮው ተበላሽቷል ተብሎ በከንቱ ከሚነቀልባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው።

ቦል ስክሩው በአንድ ዙር 10 ሚሊሜትር የሚያስኬድ ነው እንበል። ሞተሩ በቀጥታ ከተያያዘ ዜድ ፐልስ በየ10 ሚሊሜትሩ ይገኛል። ሆሚንጉ ከስዊቹ ከወጣ በኋላ «የሚቀጥለውን ዜድ ያዝ» የሚል ነው። ስዊቹ የሚለቅበት ጠርዝና አንዱ ዜድ ተጠጋግተው ከተገጠሙ ምን ይሆናል? ጠዋት ስዊቹ በመቶኛ ሚሊሜትር ቀደም ብሎ ይለቃል፣ ማሽኑ አጠገቡ ያለውን ዜድ ይይዛል። ከሰዓት ስዊቹ ትንሽ ዘግይቶ ይለቃል፣ ያ ዜድ ካለፈ በኋላ። ማሽኑ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፣ እሱ ያለው 10 ሚሊሜትር ርቆ ነው። አላርም የለም፣ ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም፤ ማሽኑ እንደታዘዘው ሠርቷል። ዕቃው ግን በሙሉ ተዛንፏል።

ምርመራው ቀላል ነው። ማሽኑን በጆግ ቀስ አድርጋችሁ ከስዊቹ አውጡት፤ ስዊቹ ከለቀቀበት እስከ ዜዱ ያለውን ርቀት ድራይቩ ሞኒተር ላይ አንብቡ። በዚህ ስክሩ ላይ ወደ 5 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው። ወደ 0 ወይም ወደ 10 ከተጠጋ ግን አንድ ቀን ይዘልባችኋል። መድኃኒቱ ስዊቹን ወይም የሚነካውን ብረት በግማሽ ዙር ያህል፣ ማለትም በ5 ሚሊሜትር፣ ማንሸራተት ነው። ቦታ ከሌለ ካፕሊንጉን (ሞተሩንና ስክሩን የሚያያይዘውን) አላልቶ ሞተሩን ግማሽ ዙር አዙሮ ማሰር ይቻላል፤ ከዚያ ግን የሆም ነጥቡ ስለተለወጠ ሆም ኦፍሴቱን (የሆም ነጥቡ ከዜሮ ያለውን ርቀት) አስተካክሉ።

በመሃል ጊርቦክስ ካለ ስሌቱ ይለወጣል። 5 ለ 1 የሚቀንስ ጊርቦክስ ከሆነ ሞተሩ አምስት ሲዞር ስክሩው አንድ ይዞራል፤ ስለዚህ ዜዱ በየ2 ሚሊሜትሩ ይመጣል፣ ዝላዩም 2 ሚሊሜትር ይሆናል። የስዊቹ መንቀጥቀጥ ከዚያ ግማሽ ማነስ አለበት። ርካሽ ሮለር ስዊች ሲያረጅ ይህን ላያሟላ ይችላል፤ ኢንዳክቲቭ ሴንሰር (ብረትን ሳይነካ የሚያውቅ) ይሻላል።

ከዝላዩ መጠን ምክንያቱን ማወቅ ይቻላል?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ማንም ፓራሜትር ከመንካቱ በፊት መጀመሪያ ካሊፐር ማምጣት ያለበትም ለዚህ ነው። ልክ አንድ ዙር ከሆነ ከላይ ያለው የዜድ ጉዳይ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ የስኬል (የቆጠራና የርቀት ሬሾ) ስህተት፣ የሚንሸራተት ሮለር ወይም የላላ ካፕሊንግ ፈልጉ። አቅጣጫ ሲቀየር ብቻ የሚታይና ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ባክላሽ (በስክሩና በነቱ መካከል ያለ ልቅነት) ነው። ቀኑ ሲሞቅ ቀስ ብሎ የሚሸሽ ከሆነ ሙቀት ነው። ዓይነቱ የማይጨበጥ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከሆነ ደግሞ የኢንኮደር ኬብልና ግራውንድ፤ በተለይ ፕላዝማ መቁረጫ አጠገብ ያለ ማሽን ላይ።

ድራይቩ «ሆሚንግ ሜተድ» ብሎ ቁጥር ይጠይቃል። የትኛውን ልስጠው?

በካንኦፕን ወይም በኢተርካት (የፋብሪካ መሣሪያዎች የመገናኛ ደንቦች) የሚገናኙ ድራይቮች አብዛኞቹ ሲአይኤ 402 የሚባለውን ፕሮፋይል ስለሚከተሉ ቁጥሮቹ ከአምራች አምራች ይመሳሰላሉ። ሜተድ 1 በኔጋቲቭ ሊሚት ስዊችና በዜድ ፐልስ፣ ሜተድ 2 በፖዚቲቭ ሊሚትና በዜድ ነው። 17 እና 18 እነዚሁ ሁለቱ ያለ ዜድ ናቸው። 33 እና 34 ስዊች ሳይፈልጉ ቅርብ ያለውን ዜድ ይይዛሉ፤ ለሚዞር ጠረጴዛ ይመቻሉ፣ ለረጅም አክሲስ ግን አይበቁም። 37 (በድሮዎቹ 35) ሳይንቀሳቀስ «አሁን ያለሁበት ሆም ይሁን» ማለት ነው። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች የየአምራቹ የራሳቸው ስለሆኑ ማኑዋል ሳያዩ አይሞከሩም።

ስዊች የሌለው ማሽን ሆም ማድረግ ይችላል?

ይችላል። ቶርኩን (የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል) ዝቅ አድርጎ ወደ ብረት ማቆሚያው እንዲጠጋ፣ ሲደገፍ ቶርኩ ሲጨምር ያንን እንዲይዝ ማድረግ ነው። የቶርክ ገደቡ ካልተቀነሰ ግን ማሽኑ ራሱን ይሰብራል። ማቆሚያው ጎማ ከሆነ ደግሞ ነጥቡ ይዋዥቃል።

ማሽን ዜሮ፣ ሆም ኦፍሴት፣ ወርክ ዜሮ?

ራውተር ላይ እንየው። ማሽኑ ሆም ሲያደርግ አንድ ጥግ ላይ ይቆማል። ያ ጥግ ከዜሮ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገረው ሆም ኦፍሴት ነው። ከዚያ የሚቆጠረው የማሽን መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) ነው፤ በጂ-ኮድ (የሲኤንሲ ማሽን ማዘዣ ቋንቋ) ጂ53 የሚጠራው እሱን ነው። የበሩን ሳንቃ አስራችሁ ቢቱን (መቁረጫውን) ጥጉ ላይ አድርጋችሁ «ዜሮ» ስትሉ ደግሞ የምትሞሉት ጂ54ን ነው፤ ይህ ወርክ ዜሮ ነው። ሳንቃው ሲቀየር ጂ54 ይቀየራል፣ የማሽን ዜሮው አይነካም።

መብራት ጠፍቶ ሥራ መሃል ላይ ቢቆም፣ ጥሩ ሆሚንግ ካላችሁ ማሽኑን ሆም አድርጋችሁ በተቀመጠው ጂ54 ከቆመበት መቀጠል ትችላላችሁ። ወርክ ዜሮን በጂ92 የማስያዝ ልማድ ግን ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ ያሳጣል። ጂ28ም ይለያያል፦ ፋኑክ ኮንትሮለር ላይ በመካከለኛ ነጥብ በኩል ወደ ሪፈረንስ ነጥብ መመለስ ነው፣ ማርሊን የሚባለው ሶፍትዌር በሚሠራበት ማሽን ላይ ደግሞ ራሱ ሆሚንጉ ነው። ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ፕሮግራም ስትገለብጡ ይህችን መስመር እዩ።

አብሶሉት ሙቭ እና ሪላቲቭ ሙቭ የቱ ይሻላል?

አብሶሉት ሙቭ «ወደ 300 ሂድ» ማለት ነው፤ ደጋግማችሁ ብታዙት ያው 300 ላይ ነው። ሪላቲቭ ሙቭ «ካለህበት 300 ጨምር» ነው። ለጠረጴዛ፣ ለፕሬስ፣ ለራውተር አብሶሉት። ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ ያለማቋረጥ ለሚጎትት ሮለር ሪላቲቭ፣ ግን ትንሽ ስህተት እየተደመረ እንደሚሄድ እያወቃችሁ።

ለምሳሌ 100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ሮለር ዙሪያው 314.159 ሚሊሜትር ነው። ፓራሜትሩ ላይ 314 ብላችሁ ብትጽፉ በአንድ ዙር 0.159 ሚሊሜትር ትስታላችሁ፣ ለዓይን አይታይም። ከ1,000 ዙር በኋላ 159 ሚሊሜትር ሆኗል፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። የኤሌክትሮኒክ ጊር ሬሾውን (ቆጠራን ወደ ሚሊሜትር የሚቀይረውን ፓራሜትር) በተቻለ መጠን በትክክለኛ ክፍልፋይ ሙሉ። እሱም ቢሆን ሮለር ስለሚንሸራተትና ሲያልቅ ዲያሜትሩ ስለሚቀንስ፣ የታተመ ነገር ሲቆረጥ ማርክ የሚያነብ ሴንሰር የግድ ነው። ጥርስ ያለው ቤልት ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ 20 ጥርስ በ2 ሚሊሜትር ልክ 40 ነው።

ሪዞሉሽን፣ አኪውረሲ እና ሪፒታቢሊቲ ይለያያሉ?

ሪዞሉሽን ማሽኑ ሊቆጥረው የሚችለው ትንሹ ክፍል ነው፤ 10,000 ቆጠራ በ10 ሚሊሜትር ስክሩ ላይ 1 ማይክሮሜትር ይሆናል። አኪውረሲ 500 ብላችሁት በእውነት 500 ላይ መድረሱ ነው። ሪፒታቢሊቲ ደጋግሞ አንድ ቦታ መድረሱ፣ ያ ቦታ 500.2 ቢሆንም። የማሽን ሻጭ የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያውን ነው፣ ለምርት በብዛት የሚያስፈልገው ሦስተኛው ነው። አንዴ ተለክቶ የታወቀ ቋሚ ስህተት በፓራሜትር ይታረማል፤ የሚዋዥቅ ግን አይታረምም። አኪውረሲንና ሪፒታቢሊቲን ለይቶ የሚለካው መስፈርት አይኤስኦ 230-2 ነው።

ባክላሽን በፓራሜትር ማጥፋት ይቻላል?

ማካካስ እንጂ ማጥፋት አይቻልም። የላላ ነት የላላ ነው። ካካሳችሁት በኋላም ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መጥቶ እንዲቆም ማድረግ ያግዛል፤ ለሆሚንግም እንዲሁ።

በብርድ ወራት ጠዋት ጠዋት የፎሎዊንግ ኢረር አላርም ይመጣል። ምን ይደረግ?

ፎሎዊንግ ኢረር በታዘዘው ቦታና ኢንኮደሩ በሚያየው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ደብረ ብርሃን ውስጥ ሌሊቱን ያደረ ግሪስ ይወፍራል፤ ሞተሩ ይገፋል፣ አክሲሱ ይዘገያል፣ ልዩነቱ ገደቡን ያልፋል። ገደቡን ከፍ አድርጎ አላርሙን ዝም ማሰኘት የተለመደ ነው፣ እኛ ግን አንመክረውም፤ ያ ገደብ ማሽኑ እውነት ሲላተም የሚያድናችሁ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አክሲሱን ዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ ደጋግሞ ማመላለስና ለብርድ የሚሆን ግሪስ መጠቀም ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከዚያ አይመጣም፤ ከዚያ የሚመጣው የፓነል ሙቀትና የአቧራ ጥያቄ ነው።

ብርዱ ልኬቱንም ይነካል። ብረት በአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ ወደ 12 ማይክሮሜትር ይረዝማል። ከጠዋት እስከ ቀትር የወርክሾፑ ሙቀት በ15 ዲግሪ ከተለወጠ አንድ ሜትር ስክሩ ወደ 0.18 ሚሊሜትር ይለወጣል። ለበር ቅርጽ ምንም አይደለም። ኩሽኔታ ለሚገባበት ቀዳዳ ግን ዕቃው ተጣለ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ እንደገና ሆም አድርጉና ወርክ ዜሮን ፈትሹ።

«ኢን ፖዚሽን» መብራት ቶሎ አይበራም።

ይህ መብራት አክሲሱ የታዘዘበት ቦታ መድረሱን የሚናገር ነው። የተፈቀደው ዊንዶ (ከታዘዘው ቦታ የሚፈቀደው ልዩነት) ጠቧል፣ ወይም አክሲሱ ሲቆም ይንቀጠቀጣል። ሥራው የሚጠይቀውን ቶለራንስ ጠይቃችሁ ዊንዶውን በዚያ ልክ አድርጉት። ካልሆነ ወደ ቱኒንግ (የድራይቩን ምላሽ ማስተካከል) ሂዱ፣ ኤስ-ከርቭ (ቀስ በቀስ የሚጀምርና የሚያበቃ) ማፋጠኛም ሞክሩ።

ከፍታ ለሰርቮ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል አቅም ቀንሱ ይላሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ስለሚበልጥ ከስም ሰሌዳው 18 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። ማሽን ስታዙ ከፍታውን ጻፉላቸው፤ ሻጩ ካልተነገረው ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚተከል አድርጎ ያሰላል።

ስቴፐር ላይ ሆሚንግ ይለያል?

ዓላማው ያው ነው። ግን ተራ ስቴፐር ኢንኮደር ስለሌለው ስቴፕ ቢዘል አያውቅም። 1.8 ዲግሪ ሞተር በ16 ማይክሮስቴፕ በዙር 3,200 ስቴፕ ነው፤ ከነዚህ ጥቂት ቢዘሉ የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ረጅም ሥራ ላይ በየመሃሉ ሆም አድርጎ ቁጥሩን ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው።

የትኛው አክሲስ መጀመሪያ ሆም ያድርግ?

ቁመቱ፣ ወደ ላይ። ቢቱ ከዕቃው ሳይወጣ ጎኖቹ ከተንቀሳቀሱ ቢት ይሰበራል። ጂአርቢኤል (የትንንሽ ሲኤንሲ ማሽኖች መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) በነባሪው ዜድን (የቁመቱን አክሲስ) አስቀድሞ ኤክስና ዋይን አስከትሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቁመት አክሲስ ብሬክ ያለው ሞተር ያስፈልገዋል፤ ኢመርጀንሲ ሲጫን ሞተሩ ቶርክ ሲያጣ ጭንቅላቱ በክብደቱ ይወርዳል። ብሬክ የሌለውን ከታች በእንጨት ሳይደግፉ እጅ ማስገባት አይገባም።

ጋንትሪያችን (ጠረጴዛውን ተሻግሮ የሚሄደው ድልድይ) ሁለት ሞተር አለው፣ የሚቆርጠው አራት ማዕዘን ግን ጠማማ ነው።

ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ ስዊች ኖሯቸው ለየብቻ ሆም ያድርጉ። ከዚያ ቀዳዳ ብሱ፦ አንዱ ዜሮ ላይ፣ አንዱ ወደ ኤክስ 600፣ አንዱ ወደ ዋይ 800 ሚሊሜትር። በሁለቱ ዳር ቀዳዳዎች መካከል ያለው ልክ 1,000 መሆን አለበት። ዜሮው በግራ በኩል ከሆነና ልኬቱ ከ1,000 ከበለጠ የቀኙ ጎን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ካነሰ ቀድሟል። ጋንትሪው 1,200 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ በዲያጎናሉ ላይ የምታዩት እያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር በስዊቹ ላይ 2.5 ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። የቀኙን ስዊች፣ ኦፍሴት ያለው ከሆነም ኦፍሴቱን፣ በዚያ ልክ አስተካክላችሁ እንደገና ሆም አድርጉና በሌላ ሳንቃ ላይ እንደገና ብሱ።